በግጥሙ ውስጥ «እኔ» የሚለው ማነው?

በማርች 1953 ላንግስተን ሂውዝ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ገጣሚ ዋሽንግተን ውስጥ ኮሚኒስት ናቸው የሚላቸውን ሰዎች ከሚመረምረው ከሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ጠያቂው ሮይ ኮን የሚባል ወጣት ጠበቃ ነበር። ማስረጃ ተብሎ የቀረበው ደግሞ ግጥም ነው፤ ሂውዝ ከሃያ ዓመት በፊት ስለ አብዮት የጻፋቸው ግጥሞች። ጥያቄው አጭር ነው፦ እንዲህ ብለህ ጽፈሃል፤ ታምንበታለህ ወይስ አታምንበትም? ሂውዝ በአንድ ቃል አልመለሰም። አንድ ግጥም ብዙ ትርጉም ሊሸከም እንደሚችል፣ የተጻፈበት ዘመንና የጻፈው ሰው ሕይወት ሳይታወቅ ፍቺው እንደማይጨበጥ ለማስረዳት ሞከረ። እዚያ ክፍል ውስጥ የግጥም ትምህርት ለመስማት የመጣ ሰው ግን አልነበረም።

ወዳጆቼ፣ ስለ አብዮትና ስለ ጥቁሮች ትግል የተጻፈ ግጥም እንዴት እንደሚነበብ በጠየቃችሁኝ ቁጥር መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ይህ ጉዳይ ነው። አብዛኞቻችን ግጥሙን እንደ ሮይ ኮን ነው የምናነበው። «እኔ» የሚል ቃል ስናይ ገጣሚው ራሱ ይመስለናል፤ «ተነሱ» የሚል ስናይ የድርጅት መመሪያ ይመስለናል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ግጥሙ ምን ማለቱ እንደሆነ ከመጠየቃችን በፊት ማን እየተናገረ እንደሆነ፣ ለማን እንደሚናገር፣ ምን ሲሆን እንደተናገረ እንጠይቅ። የትግል ግጥም ሦስቱን ካላወቁለት መፈክር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሦስቱን ካወቁለት ግን ሰው ሆኖ ይነሳል።

ይህን ለመማር አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። በአምስተርዳም፣ በዘ ሄግና በሮተርዳም የምትኖሩ በባቡር አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ውስጥ ሁሉንም ታገኙታላችሁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛው ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ከአምስተርዳም እንጀምር። እዚያ «ዘ ብላክ አርካይቭስ» የሚባል የጥቁሮች ታሪክ መዝገብ ቤት አለ። ከያዛቸው ስብስቦች አንዱ የኦቶና የሄርሚና ሃውስቫውድ መጻሕፍትና ሰነዶች ናቸው። ኦቶ በ1893 ፓራማሪቦ፣ ሱሪናም ውስጥ ተወለደ፤ ሱሪናም ያኔ የሆላንድ ቅኝ ግዛት ነበረች። ወጣት ሳለ ኒው ዮርክ ገብቶ ቀረ፤ የአሜሪካ ኮሚኒስት ፓርቲ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ መካከል የነበረ ጥቁር ሰው እሱ ነው። በ1922 በሞስኮ በተደረገው የኮሚንተርን (የዓለም ኮሚኒስት ፓርቲዎች ማኅበር) አራተኛ ጉባኤ ላይ ከጃማይካዊው ገጣሚ ከክላውድ ማኬይ ጋር ተገኝቷል። ከ1934 ጀምሮ ደግሞ «ዘ ኒግሮ ወርከር» የተባለውን መጽሔት ከአንዱ የአውሮፓ ከተማ ወደ ሌላው እየተሰደደ አዘጋጀ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባልና ሚስቱ አምስተርዳም ገቡ፤ ኦቶ «ኦንስ ሱሪናመ» የተባለውን፣ በ1919 የተመሠረተውን የሱሪናሞች ማኅበር መራ። በ2017 መዝገብ ቤቱ የሁለቱን ሕይወት የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ሲከፍት የሰጠው ርዕስ «ጥቁርና አብዮተኛ» የሚል ነበር። ላንግስተን ሂውዝ የእነዚህ ባልና ሚስት ወዳጅ ነው።

ሂውዝን ብዙ ያስከፈለው ግጥም «ጉድባይ ክራይስት» የሚለው ነው። በ1932 መጨረሻ ታትሞ የወጣውም በዚያው ኦቶ በኋላ ባዘጋጀው መጽሔት ላይ ነበር፤ ሂውዝ ሳይፈቅድ እንደታተመ ተናግሯል። ርዕሱ ብቻውን አማኝ ሰው ያስደነግጣል፤ እኔንም አስደንግጦኛል። ግጥሙ ውስጥ የሚናገረው ሰው ግን ሃይማኖትን መነገጃ ባደረጉ ሰባኪዎች የተቆጣ፣ ትዕግሥቱ ያለቀ አብዮተኛ ነው። ሂውዝ ይህን ሰው ፈጠረው፣ አናገረው፣ ቁጣውን እንድንሰማ አደረገን። በ1940 ካሊፎርኒያ ውስጥ ለሥነ ጽሑፍ ግብዣ ሲሄድ ግን ተቃዋሚዎች ግጥሙን አባዝተው በር ላይ ያድሉ ነበር። ያኔ ሂውዝ የተናጋሪው ድምፅ የእሱ የግሉ እምነት እንዳልሆነ በጽሑፍ አስረዳ። የሰማው ጥቂት ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ያው ግጥም ማካርቲ ፊት ተከትሎት መጣ።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ፈርቶ ነው የካደው?» ትሉኝ ይሆናል። በፍርሃት ዘመን የኖረ ሰው ነውና ፍርሃት የለበትም አልልም። ነገር ግን የተናገረው እውነት ነው። ግጥም ውስጥ ያለ «እኔ» እንደ ቴአትር ገጸ ባሕርይ ሊቆም ይችላል፤ ይህን የማያውቅ አንባቢ የነጻነት ግጥምን ሁሉ ወይ ያመልካል ወይ ያስራል።

የማኬይን ግጥም እዩ። «ኢፍ ዊ መስት ዳይ» የተጻፈው በ1919 ነው፤ በዚያ በጋ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ነጭ መንጋ ጥቁሮችን እያደነ የገደለበት ጊዜ ነው። ግጥሙ ውስጥ «ጥቁር» የሚል ቃል የለም፤ የአገር ስም የለም፤ ቅርጹም የጥንት እንግሊዝ ገጣሚዎች የሚወዱት ባለ አሥራ አራት ስንኝ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ከላዩ ብታነሱት የማንም ወታደር ግጥም ሊሆን ይችላል። ዓመቱን መልሳችሁ ስታስቀምጡት ግን የጎዳና ደም ይሸታል። ጨቋኙ በሚያከብረው ቅርጽ ጨቋኙን መግጠም ራሱ የትግሉ አካል እንደነበር የሚገባውም ያኔ ነው።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በኮሌጅ ቀን በዓል ላይ ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የሚል ግጥም አቀረበ። ርዕሱን ልብ በሉት። ያኔ የኮሌጅ ተማሪ ማለት በአገሪቱ በጣት የሚቆጠር ዕድለኛ ማለት ነው፤ መኝታና ምግብ ከመንግሥት ያገኛል፤ ሲመረቅ ቢሮ ይጠብቀዋል። እሱ ደሃው አይደለም። ግን ጉሮሮውን ለደሃው አዋሰ፤ ደሃው ሊገባበት በማይችል ግቢ፣ ሊያናግራቸው በማይችላቸው ሰዎች ፊት እንዲናገር አደረገው። ግጥሙ ደፋር የሆነው በቃላቱ ብቻ አይደለም፤ በማን ስም፣ የት ቆሞ እንደተናገረ ስታውቁ ነው ድፍረቱ የሚታየው። ከዚያ ወዲህ የኮሌጅ ቀን ግጥም ለመንግሥት ራስ ምታት ሆነ፤ የተማሪው ንቅናቄም ከመድረኩ አልወረደም።

ቤተ መንግሥቱን ያሳሰበው «እኔ» ይህ ከሆነ፣ ዘ ሄግ ውስጥ የተጻፈው «እኛ» ደግሞ ከዚያ የባሰ አደገኛ ሆኖ ተገኘ።

አንቶን ዴ ኮም በ1898 ፓራማሪቦ ተወለደ። ባርነት በሱሪናም በሕግ የቀረው ጁላይ 1 ቀን 1863 ነው፤ ከዚያ በኋላም ነጻ ወጡ የተባሉት ሰዎች ለአሥር ዓመት በመንግሥት ቁጥጥር ሥር በእርሻዎቹ ላይ በግዴታ ሠርተዋል። ካሳ የተከፈለው ለባለቤቶቹ ነው፤ በሱሪናም በአንድ ሰው ራስ 300 ጊልደር። የዴ ኮም አባት በባርነት የተወለደ ሰው ነው። የቤተሰቡ ስም እንኳን ታሪክ አለው፤ «ኮም» የባሪያ ባለቤቱ ስም «ሞክ» ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ ነው። አንዳንድ ባሪያ ባለቤቶች ሰውን ነጻ ሲያወጡ የራሳቸውን ስም ገልብጠው ይሰጡት ነበር።

ዴ ኮም በ1920 ሆላንድ መጣ፤ ዘ ሄግ ተቀመጠ፤ ቡና፣ ሻይና ትምባሆ ለሚሸጥ ድርጅት በወኪልነት ሠራ። (ቡና ከእኛ አገር ተነስታ፣ በአምስተርዳም የዕፅዋት ግቢ አልፋ፣ ሱሪናም ውስጥ በባሪያ ጉልበት የተለቀመች ተክል መሆኗን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይቆማል።) ሆላንዳዊት አገባ፣ ልጆች ወለደ። በ1932 መጨረሻ እናቱ ታማ ወደ ሱሪናም ተሳፈረ። እናቱ ግን ከመድረሱ በፊት አርፋ ነበር።

ቅኝ ገዥው አስተዳደር ስብሰባ ከለከለው። እሱ ታዲያ በአባቱ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ አወጣና ተቀመጠ። ሰው ተሰለፈ። የአፍሪካ ዘር ያላቸው ክሪዮሎች፣ ከህንድ በኮንትራት የመጡ፣ ከጃቫ የመጡ የእርሻ ሠራተኞች አንድ በአንድ እየቀረቡ ችግራቸውን ነገሩት፤ እሱም በደብተር ጻፈ። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የማያልቅ ዕዳ፣ ያልተፈጸመ ወደ አገር የመመለስ ተስፋ። ከዚያ በፊት እነዚህ ሕዝቦች እርስ በርስ በጥርጣሬ እንዲተያዩ እንጂ አንድ ላይ እንዲቆሙ የሚፈልግ ገዥ አልነበረም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1933 ታሰረ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን ይፈታልን ብሎ በወጣው ሕዝብ ላይ ፖሊስ ተኮሰ፤ ሁለት ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ቆሰለ። በሜይ ወር ያለ ፍርድ ወደ ሆላንድ በመርከብ አባረሩት።

በ1934 አምስተርዳም ውስጥ የታተመው መጽሐፉ «እኛ የሱሪናም ባሮች» ይባላል። ዴ ኮም የተወለደው ባርነት ከቀረ ከ35 ዓመት በኋላ ነው። ታዲያ ለምን «እኛ»? መልሱ ያ ጠረጴዛ ላይ ነው። «እኛ» ያለው የአባቱን ትውልድና በደብተሩ የመዘገባቸውን ሠራተኞች አንድ ላይ አስሮ ነው፤ ሕጉ ያቆመው ነገር በተግባር እንዳልቆመ በአንዲት ቃል ተናገረ። መጽሐፉ ግጥም አይደለም፤ ታሪክ ነው። ግን እንደ ግጥም የሚነበብ ዜማ አለው፤ «እኛ» እያለ ሲሄድ አንባቢውም ሳያውቀው አብሮ ይቆጠራል። ግጥምም ጽፏል፤ በ1969 ከሞቱ በኋላ በወጣው መድበል ርዕስ ውስጥ ያለው ድምፅ ግን ልታገል እሄዳለሁ የሚል ነጠላ ሰው ነው። በታሪክ መጽሐፉ ብዙ፣ በግጥሙ ብቻውን! ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው የሚጠበቀው። እኔ እንደማነበው፣ ለሕዝብ ሲመሰክር ሕዝቡን ይዞ ይቆማል፤ መሥዋዕትነት ሲመጣ ግን ሌላውን አያስገድድም፣ ራሱን ብቻ ነው የሚያቀርበው።

ሕይወቱም እንደዚያው ሆነ። ናዚዎች ሆላንድን ሲይዙ በኅቡዕ ጋዜጣ ላይ ጻፈ፤ ኦገስት 7 ቀን 1944 ተያዘ፤ ከካምፕ ካምፕ ሲዛወር ቆይቶ ጦርነቱ ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1945 ዛንድቦስተል ካምፕ ውስጥ አረፈ። ዛሬ የሱሪናም ዩኒቨርሲቲ በስሙ ይጠራል፤ በ2020 ደግሞ በሆላንድ ትምህርት ቤቶች ከሚሰጠው የብሔራዊ ታሪክ መዘርዝር ውስጥ ገባ። አምስተርዳም ቤይልመር ሰፈር በስሙ የተጠራ አደባባይ አለ፤ በ2006 ሐውልት ቆመለት። ሐውልቱ ልብስ አልለበሰም። ብዙ ሱሪናሞች ተቆጡ፤ ሱፍና ባርኔጣ የማይለየውን ሰው ለምን እንደ ባሪያ ራቁቱን ታቆሙታላችሁ አሉ። እኔም ቁጣቸውን እጋራለሁ። ሠሪዋ ጥንካሬውን ለማሳየት አስባ ይሆናል፤ ግን «ለማን ይታያል?» የሚለውን ጥያቄ የዘለለ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው እንግባ፤ እኔን ከሁሉም የሚያስደስተኝ ክፍል ይህ ነው።

ስራናን በሱሪናም እርሻዎች ላይ በባርነት ከነበሩ ሰዎች አፍ የተወለደ ቋንቋ ነው። በትምህርት ቤት ሲናገሩት የተገኙ ልጆች ይቀጡ ነበር፤ ደችን ብቻ መናገር የጨዋ ልጅ ምልክት ተደርጎ ነበርና። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ነገር ተለወጠ። ኤዲ ብሩማ የተባለ የሕግ ተማሪና ጓደኞቹ አምስተርዳም ውስጥ «ዊ ኤጊ ሳኒ»፣ ማለትም «የራሳችን ነገር»፣ የተባለ ንቅናቄ አቋቋሙ። ሄንሪ ዴ ዚል፣ በብዕር ስሙ ትሬፎሳ፣ በ1957 የመጀመሪያውን የስራናን የግጥም መድበል አምስተርዳም ላይ አሳተመ፤ «ትሮቺ» ይባላል። ትሮቺ ማለት በዘፈን ላይ አውጪው የሚያነሳው መጀመሪያ ነው፤ ተቀባዮቹ የሚመልሱለት። እኛ በዘፈንም በመዝሙርም አውጪና ተቀባይ እንደምንለው ማለት ነው። ኋላም የሱሪናም ብሔራዊ መዝሙር የስራናን ክፍል የተጻፈው በእሱ እጅ ነው።

ይህን ካወቃችሁ የእነዚህን ገጣሚዎች «እኔ» በሌላ ጆሮ ትሰሙታላችሁ። አውጪ ሲያወጣ ብቻውን ይቆማል፤ ግን ብቻውን አይደለም፤ መልስ እንደሚመጣለት ያውቃል። ስለዚህ በጽሑፍ ላይ ጎደሎ የሚመስል፣ ተንጠልጥሎ የቀረ የሚመስል ስንኝ ስታገኙ ገጣሚው አልቻለበትም አትበሉ። ባዶው ቦታ ለተቀባዩ የተተወ ሊሆን ይችላል። እኔ የስራናን ግጥም ስናነብ ጮክ ብለን እንድናነብ የምለምናችሁ ለዚህ ነው።

ሚካኤል ስሎሪ የዚህ መንገድ ልጅ ነው። በ1935 ተወለደ፤ አምስተርዳም ውስጥ ስፓኒሽ ተማረ። የመጀመሪያ መድበሉን በ1961 እዚያው ሲያሳትም «ሳርካ» አለው፤ መራራ ትግል እንደማለት ነው። በራሱ ስም አላወጣውም፤ የአሻንቲን ሕዝብ ስም ያዘለ የአፍሪካ ስም ለራሱ አወጣ። ዓመቱን አስተውሉ። የኮንጎው መሪ ሉሙምባ የተገደለው በዚያው ዓመት ጃኑዋሪ ነው፤ ኦቶ ሃውስቫውድ አምስተርዳም ውስጥ ያረፈው በፌብሩዋሪ ነው፤ «ደሃው ይናገራል» አዲስ አበባ ላይ የተሰማውም በዚሁ ዓመት ነው። ስሎሪና ታምሩ አይተዋወቁም። ግን አንዱ በተናቀ ቋንቋ፣ ሌላው በተናቀ ሰው ድምፅ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ተመሳሳይ በር አንኳኩ።

በዚያ ላይ የተደበቀ ትርጉም አለ። ሱሪናም ውስጥ ሰው ፊት ለፊት መናገር በማይቻልበት ዘመን ነገር በተረትና በምሳሌ፣ በጨርቅም ጭምር ይነገር ነበር። የክሪዮል ሴቶች ራሳቸው ላይ የሚያስሩት «አንጊሳ» የሚባል ሻሽ አለ። ጨርቁ በስታርች ይደርቃል፤ ከዚያ ይታጠፋል፤ አስተጣጠፉ ስም አለው፣ ስሙም መልእክት ነው። ጫፎቹ ተዘርግተው የቆሙት አንዱ አስተሳሰር «ያውሩ፣ ተዋቸው» ማለት ነው። ሌላው «ማዕዘኑ ላይ ጠብቀኝ» ይላል። ጌታዋ ሲያያት ቆንጆ ሻሽ ያያል፤ ጓደኛዋ ስታያት ዐረፍተ ነገር ታነባለች። ሰምና ወርቅ ለለመደ የአማርኛ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ልዩነቱን ግን ልናገር። የእኛ ቅኔ ከቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ነው የወጣው፤ ብዙ ዓመት ተምሮ የሚገኝ የሊቃውንት ጥበብ ነው። የእነሱ ሰምና ወርቅ ከእርሻው መስክ ነው የወጣው፤ ካልደበቅሽው ትገረፊያለሽና። ስለዚህ በጥቁሮች የትግል ግጥም ውስጥ ወንዝ፣ ወፍ፣ ከበሮ ወይም ሻሽ ስታገኙ ጌጥ ነው ብላችሁ አትለፉት። ከስሩ ወርቅ ሊኖር ይችላል፤ ያም ወርቅ በአንድ ወቅት የሰው ሕይወት ያተርፍ ነበር።

ሮተርዳም ላይ ብዙ አልቆይም። ከተማዋ «ኮፕስታድና ሮኩሰን» የተባለው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከሆላንድ ትልልቅ የባሪያ ንግድ ኩባንያዎች አንዱ የነበረባት ናት። ከ2013 ጀምሮ ሎይድ ሰፈር ውኃው ዳር «ክላቬ» የተባለው የአሌክስ ዳ ሲልቫ መታሰቢያ ቆሟል፤ ከሰንሰለት ወደ ጭፈራ የሚያልፉ ሰዎችን ያሳያል። በዲሴምበር 2021 የከተማዋ ከንቲባ በከተማዋ ስም ይቅርታ ጠየቁ። ከ1970 ጀምሮ ደግሞ ዓለም አቀፉ የግጥም ፌስቲቫል እዚያው ይካሄዳል፤ የሩቅ አገር ገጣሚ በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ድምፅ ሲያነብ መስማት የምትችሉበት መድረክ ነው። ጉዳያችን ድምፅ ስለሆነ ሂዱ እላለሁ።

ስለ ድምፅ ካነሳን በ2021 የተነሳውን ክርክር መዝለል አይቻልም። አማንዳ ጎርማን የተባለችው ወጣት ጥቁር ገጣሚ በባይደን በዓለ ሲመት ላይ ያነበበችውን ግጥም ወደ ደች ለማስተርጎም አንድ የአምስተርዳም አሳታሚ ማሪከ ሉካስ ራይነቬልድን መረጠ፤ ኢንተርናሽናል ቡከር ሽልማትን ያገኘ ነጭ ደራሲ ነው። ጃኒስ ደል የተባለች ጸሐፊ በጋዜጣ ላይ ጠየቀች፦ የመድረክ ግጥም የሚያቀርቡ ወጣት ጥቁር ሴቶች እዚህ ሞልተው ለምን አልታሰቡም? ራይነቬልድ ሥራውን ተወ፤ በኋላ ዛይር ክሪገር ተረጎመችው። ብዙ ሰው ነገሩን «ነጭ ጥቁርን መተርጎም አይችልም» ወደሚል አሳጠረው። ደል የጠየቀችው ግን እሱን አልነበረም። ለእኔ ማንም የማንንም ግጥም ማንበብና መተርጎም ይችላል፤ ባይሆን ኖሮ እኔም ዴ ኮምን ባላነበብኩ። ነገር ግን ጎርማን ግጥሟን የጻፈችው በአፍ ለማቅረብ ነው፤ እሷን የመሰሉ ልጆች በመድረክ ላይ ሲናገሩ የሰማ ጆሮ ያስፈልጋል። ያ ጆሮ ያላቸው ሰዎች በከተማው እያሉ አለመጠየቃቸው ጉድለት ነበር። ደል ትክክል ነበረች።

አንድ ከባድ ነገር ቀረኝ፤ እኛኑ የሚነካ ነው። በጥቁሮች የትግል ግጥም ውስጥ «ኢትዮጵያ» ብዙ ጊዜ ትገኛለች። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ ሲወረን ሂውዝ ስለ ኢትዮጵያ ግጥሞች ጻፈ፤ ለእሱ አገራችን ያልተንበረከከች አፍሪካ ነበረች፤ ዐድዋን ያየች። ከሰላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ አዲስ አበባ መጣ፤ ለሚያዝያ 27 የድል በዓል ለንጉሠ ነገሥቱ ግጥም ጻፈ። በዚያው በ1958 ዓ.ም. ግን ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊ ማነው?» የሚል ግጥም ለኮሌጅ ቀን አቀረበ፤ በስሟ በሚጠራባት አገር ውስጥ ማን ተቆጥሮ ማን እንደቀረ የሚጠይቅ። አንዱ ገጣሚ ከንጉሡ ጋር አብሮ የሚያከብረውን ነገር ሌላው ከንጉሡ ደጅ ላይ ይጠይቃል።

ማን ተሳሳተ? እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ነው ሦስቱ ጥያቄዎች የሚጠቅሙን። ሂውዝ የሚናገረው የአሜሪካን ንቀት ለቀመሰ ጥቁር ነው፤ ለእሱ ነጻ የቆመ ጥቁር ዙፋን ማለት ሕይወት የሚያተርፍ ምሳሌ ነው። ኢብሳ የሚናገረው በዚያ ዙፋን ሥር ለሚኖር ሰው ነው። ሁለቱም በየአድራሻቸው እውነት ተናግረዋል። የእኔ ቅሬታ ለአንባቢው ነው፤ ከውጭ የተጻፈውን ውዳሴ ብቻ እያነበብን ከውስጥ የተነሳውን ጥያቄ የምንረሳ አለን፤ ጥያቄውን ብቻ ይዘን ኢትዮጵያ ለኒው ዮርኳ ሐርለምና ለፓራማሪቦ ልጆች ምን እንደነበረች የምንንቅም አለን። ሁለቱን ግጥሞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ይቻላል፤ ይገባልም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እጃችሁ የገባ የትግል ግጥም «ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ወደ እኔ ከመላካችሁ በፊት ከላዩ ላይ ዓመቱንና ቦታውን ጻፉበት። ተናጋሪውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ግለጹት፤ ስሙን ሳይሆን ማን እንደሆነ። የሚናገርለትን ሰው አስቡት። ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ጁላይ 1፣ በእኛ ሰኔ 24፣ በአምስተርዳም የነጻነት ቀን «ኬቲ ኮቲ» ይከበራል፤ ሰንሰለቱ ተሰበረ ማለት ነው። የመታሰቢያው ሥነ ሥርዓት በ2002 በቆመው ሐውልት ዙሪያ በኦስተርፓርክ ነው የሚደረገው፤ በ2023 የሆላንድ ንጉሥ ይቅርታ የጠየቁትም እዚያው ነው። የአገሪቱ የሥራ በዓል ስላልሆነ ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በጠዋት ኑ፤ አንጊሳ ያሰሩትን እናቶች ሰልፍ ታያላችሁ፤ የሻሻቸውን ትርጉም ብትጠይቋቸው ደስ ብሏቸው ይነግሯችኋል። አንድ አንድ ግጥም በኪሳችሁ ይዛችሁ ኑ፤ በአማርኛም ይሁን በስራናን። አንዳችን እናወጣለን፣ ሌሎቻችን እንቀበላለን።